ዋሽንት፣ ሚሊሜትር እና ቅኝት

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የገበያ ቀን ዋሽንት ያገኘ ተማሪ አንድ ቀላል ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ሰው የሠራቸውንና ቁመታቸው እኩል የሚመስለውን ሁለት ዋሽንቶች ይምረጥ፤ ከዚያም ከጓደኛው ጋር ሆኖ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጣት ዘግተው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይንፏቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አንድ የጠራ ድምፅ ሳይሆን ጎላ ደከም እያለ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። አንደኛው ዋሽንት በሰከንድ 330 ጊዜ፣ ሁለተኛው 333 ጊዜ የሚነዝር ከሆነ ድምፁ በየሰከንዱ ሦስት ጊዜ ይጎላል፣ ሦስት ጊዜም ይደክማል። በፊዚክስ ትምህርት ይህ ክስተት «ቢት» በመባል ይታወቃል። እንግዲህ ሁለት ዋሽንቶች ያለዚህ መርገብገብ አብረው እንዲነፉ ምን ያህል መመሳሰል ይኖርባቸዋል? ይህስ መመሳሰል ያለ ፋብሪካ፣ በእጅ ሥራ ብቻ፣ ሊገኝ ይችላልን?

ለእረኛው ጥያቄው ጥያቄ አይደለም። ዋሽንት ከጥንት ጀምሮ በመስክ ላይ ለብቻ ሲነፋ የኖረ መሣሪያ ነው፤ ብቻውን የሚነፋ ሰው ደግሞ ከራሱ ዋሽንት ጋር ምንጊዜም የተስማማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዋሽንቱ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲቀመጥ ነው። የክራር ክር ይጠብቃል፣ ይላላል። የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን ትንሽ በማንቀሳቀስ ድምፁን ያስተካክላል። ዋሽንት ግን አንዴ ከተቀዳ በኋላ ከከንፈር ማዘንበልና ከትንፋሽ ኃይል በስተቀር ማስተካከያ የለውም። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ዋሽንት፣ ክራር፣ መሰንቆና ሌሎችም የአገራችን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዋሽንት ከኪቦርድና ከጊታር ጎን ቆሟል። ሠሪው ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በዓይኑ ግምት፣ በጣቱ ልክና በጋለ ብረት ነው።

የአየር ዓምዱ

ዋሽንት በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ነፊው ትንፋሹን በላይኛው ጫፍ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፍ በውስጡ ያለው አየር ይነዝራል፤ ዝቅተኛው ድምፅ የሚኖረው ድግግሞሽ የድምፅ ፍጥነት ለቱቦው ርዝመት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 346 ሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ 52 ሴንቲሜትር ከሆነ 346 ለ1.04 ሲካፈል 333 ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 52.5 ሴንቲሜትር ሲሆን 330 ይወርዳል። በመግቢያችን ላይ ያነሣነው መርገብገብ የተፈጠረው እንግዲህ ከግማሽ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ርዝመት ስንል በሜትር የሚለካውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የሚነዝረው አየር ከቱቦው አፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ያልቃል። በግርጌው በኩል ያለው ትርፍ የቱቦውን የውስጥ ዲያሜትር ሦስት አሥረኛ ያህል ነው፤ ዲያሜትሩ 18 ሚሊሜትር ለሆነ ዋሽንት 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። በላይኛው በኩል ከንፈር ቀዳዳውን በከፊል ስለሚሸፍን ትርፉ ከዚያ ይበልጣል፤ ከነፊ ነፊም ይለያያል። በዚህ ምክንያት በሜትር 50 ሴንቲሜትር የሆነ ዋሽንት ለድምፁ 52 ሴንቲሜትር ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

የፊዚክስ ተማሪዎች ዘወትር የሚሰጡትን አንድ የተሳሳተ መልስ በዚሁ እናርም። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ በዝግታ ይጓዛል ይባላል። የከፍታ ቦታ የአየር ግፊትም እፍጋትም በአንድነት ስለሚቀንሱ ለፍጥነቱ የሚያመጡት ለውጥ ይጣፋል፤ የሚወስነው የሙቀት መጠን ነው። በእንጅባራ ደጋ ማለዳ ላይ አየሩ 10 ዲግሪ፣ በጢስ ዓባይ ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ቢሆን የድምፅ ፍጥነት ከ337 ወደ 348 ሜትር በሰከንድ ይለወጣል። በሙዚቃ መለኪያ ይህ የአንድ ግማሽ ድምፅ እኩሌታ ያህል ነው። የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቅ ልዩነቱ በተግባር ይቀንሳል፤ ቢሆንም ሁለት ዋሽንቶችን የሚያወዳድር ሰው በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሊያወዳድር ይገባዋል።

ቦታው ወይስ ስፋቱ?

የሙዚቃ ሊቃውንት አንዱን ግማሽ ድምፅ በ100 ይከፍሉና እያንዳንዱን ክፍልፋይ ሴንት ይሉታል። የሠለጠነ ጆሮ የ5 ሴንት ያህል ልዩነትን ይለያል። ከዋሽንቱ አራት ቀዳዳዎች በአንዱ የሚወጣው ድምፅ 30 ሴንቲሜትር የአየር ዓምድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የ1 ሚሊሜትር ስሕተት 6 ሴንት ገደማ ያዛባዋል። የሰዎች ጣት ውፍረት ደግሞ በሁለትና በሦስት ሚሊሜትር ይለያያል። በጣት ልክ እየተደረደሩ የሚቀዱ አራት ቀዳዳዎች ስሕተቱን እየደመሩ ሲሄዱ መጨረሻው የት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ዳሩ ግን ከቦታው ይልቅ የሚከፋው ሌላ ነው። ቀዳዳው ከቱቦው ስለሚጠብ አየሩ ቀዳዳው ዘንድ ሲደርስ ወዲያው አያልቅም፤ ቱቦው ከቀዳዳው አልፎ እንደቀጠለ ሁሉ ይነዝራል። ውስጡ 18 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊሜትር የሆነ ዋሽንት እንውሰድ። ከግርጌው 8 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የ8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብንቀዳበት፣ ይህ ትርፍ ርዝመት 30 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ቀዳዳውን ወደ 9 ሚሊሜትር ብናሰፋው 27 ይሆናል። በሌላ አነጋገር የቀዳዳው ስፋት በ1 ሚሊሜትር ሲጨምር ቱቦው በ3 ሚሊሜትር እንዳጠረ ይቆጠራል፤ ድምፁም 11 ሴንት ያህል ይወጣል። ቀዳዳውን በቦታው ላይ 1 ሚሊሜትር ወደ ላይ ብናስጠጋው ግን የምናገኘው ለውጥ ከ1 ሚሊሜትር ማጠር እንኳ ጥቂት ያነሰ ነው።

የጋለ ብረት የሚያመጣው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ሲገባ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የግለቱ መጠን፣ የቆየበት ጊዜና የእጁ መወላወል ነው። ከእሳት እንደወጣ የሚቀዳው የመጀመሪያው ቀዳዳና ብረቱ ከበረደ በኋላ የሚቀዳው አራተኛው እኩል አይሆኑም። ሠሪውን የሚረዳ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሁሉ ሐሳቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀዳዳዎቹ ርቀት ነው፤ መሄድ ያለበት ግን ወደ ስፋታቸው ነበር።

ከአርካንሳስ የተገኘ ትምህርት

በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ ቤቶች «ጂግ» የሚባል መሣሪያ አለ። ሥራውን አጥብቆ ይዞ፣ መሰርሰሪያው ወይም ሞረዱ የት ገብቶ የት እንደሚቆም የሚወስን መያዣ ነው። በድምፅ መሣሪያ ሥራ ላይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው፤ በአሜሪካ አዳኞች የዱር ዳክዬን ለማታለል የሚነፉት መጥሪያ። በአርካንሳስ ግዛት በስቱትጋርት ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የነፊዎች ውድድር ይደረግበታል። በጣና ዙሪያ የዳክዬ ዘር ባይጠፋም እንዲህ ያለ መጥሪያ የእኛ ልማድ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ሊጠና ይገባዋል።

በመጥሪያው ውስጥ በመሐሉ ቦይ ያለው ትንሽ የእንጨት ገበታ አለ። በላዩ ስስ የፕላስቲክ ምላስ ተጋድሞ በቡሽ ይያዛል፤ ሲነፋ ምላሱ ከገበታው ጎባጣ ፊት ጋር እየተጋጨ ይነዝራል። የዚያ ጉብጠት ልዩነት በአሥረኛ ሚሊሜትሮች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ድምፁን ይለውጠዋል። ስለሆነም ሠሪዎቹ ትክክለኛው ጉብጠት የተቀረጸበት፣ በእሳት የጠነከረ የብረት ጂግ ይጠቀማሉ። እንጨቱን በውስጡ አስገብተው ትርፉን በሞረድ ይበሉታል፤ ሞረዱ ብረቱን ሲነካ መብላት ያቆምና ይንሸራተታል፤ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በብዙ ሙከራ የተገኘ ጉብጠት በብረቱ ውስጥ ስለተቀመጠ እጅ በየጊዜው እንደገና አይፈርድም።

ይህንኑ ወደ ዋሽንት እናምጣው። የቪ ቅርጽ ያለው ቦይ በጠንካራ እንጨት ላይ ይጠረባል፤ ቱቦው በዚያ ይጋደማል። በላዩ አራት ቀዳዳ ያለው ወፍራም ላሜራ ይታሰራል፤ ፑንታው በእነዚህ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የፕላስቲክ ቱቦ ለሚቀዳ ሰው ይህ ይበቃል፤ ምክንያቱም የፋብሪካ ቱቦ ሁሉ አንድ ነው። ቀርከሃ ግን እንደዚያ አይደለም። በአገራችን በተፈጥሮ ከሚበቅሉት ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች የቆላው ግንዱ በአብዛኛው ድፍን ስለሆነ ለዋሽንት አይመችም፤ በአዊና በጎጃም ደጋ የሚበቅለው ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ክፍትነቱ ከግንድ ግንድ ይለያያል፤ ከሥር ወደ ጫፍም ይጠባል። ሸምበቆም እንደዚሁ ነው። የአንዱን ዋሽንት ርቀት በብረት ላይ አጽንቶ በሌላው ላይ መጫን ማለት የአንዱን ሰው ልብስ ለመንደሩ ሁሉ እንደ ማልበስ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው መያዝ ያለበት ርዝመትን ሳይሆን ምጥጥንን ነው። የሙኒኩ ወርቅ አንጥረኛና የፍሉት ሊቅ ቴዎባልድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን ንድፍ አቅርቧል። ለየትኛውም የቃና ከፍታ የቀዳዳዎቹን ቦታ በጂኦሜትሪ ብቻ የሚሰጥ ሥዕል ነው። የእኛ ተማሪ በምስስል ጎነ ሦስቶች ትምህርቱ ተመሳሳዩን በላሜራ ላይ ሊሠራው ይችላል። ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ጨረሮች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይሰመራሉ። ቱቦው ከመሠረቱ መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ሁለቱ የዳር ጨረሮች በትክክል በሚያቅፉት ቦታ ይጋደማል። ያን ጊዜ የውስጥ ጨረሮቹ ቱቦውን የሚያቋርጡበት ቦታ፣ ቱቦው ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ምጥጥኑን ጠብቆ ይገኛል።

የሚታቀፈው ርዝመት ግን በሜትር የተለካው መሆን የለበትም። ቱቦው ገና ሳይቀዳ ይነፋና ድግግሞሹ ይለካል፤ ዛሬ ለዚህ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። የድምፅ ፍጥነት ለድግግሞሹ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው የቱቦው እውነተኛ ርዝመት ነው፤ የከንፈሩም፣ የግርጌውም፣ የጠማማ ውስጡም ጉዳይ በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቃልሏል። ከዚያም ቀዳዳዎቹ ጨረሮቹ ካመለከቱት ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ አፉ ቀረብ ብለው፣ በቀጭን ፑንታ ጠበብ ተደርገው ይቀዳሉ፤ ድምፁ እየተሰማ በሞረድ ይሰፋሉ። ከልክ በላይ የሰፋ ቢኖር በጎጃም የማይታጣው የንብ ሰም ጠርዙን ያጠበዋል።

የትኛው ቅኝት?

ጨረሮቹን ስናሰምር አንድ ጥያቄ ግድ ይለናል። ዝቅተኛው ድምፅ 52 ሴንቲሜትር የሆነ ዋሽንት በትዝታ ይቃኝ እንበል። ሦስተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር አምስት ለአራት በሆነ ንጹሕ ምጥጥን ይሁን ካልን 41.6 ሴንቲሜትር የአየር ዓምድ ያስፈልገዋል። በኪቦርድ ልክ ይሁን ካልን ደግሞ 41.3 ነው። ልዩነቱ 3 ሚሊሜትር፣ በጆሮ 14 ሴንት ያህል ነው። በጣት ልክና በጋለ ብረት ሲሠራ ይህ ልዩነት በስሕተቱ ውስጥ ተሰውሮ ይኖር ነበር፤ ሠሪውም እንዲመርጥ የሚያስገድደው አልነበረም። የግማሽ ሚሊሜትር ጥራት ያለው ጂግ ግን ያስገድዳል። ጂግ ቅኝትን ያጸናል፤ ያጸናውንም በመቶ ዋሽንቶች ላይ ይደግመዋል።

በዚህ ረገድ ስጋቴን ልግለጽ። መሣሪያውን የሚሠራ መሐንዲስ ቁጥሮቹን ከኪቦርድ ቢወስድ የሚወቅሰው የለም፤ ቁጥሮቹ በየመጽሐፉ ስላሉ ቀላሉ መንገድ ያ ነው። ነገር ግን አምባሰል፣ ባቲና በተለይም አንቺሆዬ በኪቦርድ ቁልፎች ላይ ሲቀመጡ፣ ለጆሮዬ ቢያንስ፣ አንዳንዶቹ ድምፆች ተጎትተው የገቡ ይመስላሉ። የዋሽንት ነፊ የተለያየ ቁመት ያላቸውን በርከት ያሉ ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው በከንቱ አይደለም።

ሥራው መጀመር ያለበት ስለዚህ ከላሜራው ሳይሆን ከአሮጌዎቹ ዋሽንቶች ነው። በጢስ ዓባይ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ነፊዎች «ይህ ያምርልኛል» የሚሏቸውን ዋሽንቶች ሳይወስዱባቸው፣ እዚያው በእጃቸው እያሉ መለካት ይቻላል። ካሊፐር፣ ቴርሞሜትርና የእጅ ስልክ ይበቃሉ። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ርቀት፣ ስፋት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የአምስቱም ድምፆች ድግግሞሽና የዕለቱ ሙቀት ይመዘገባል፤ ነፊው ድምፁን በከንፈሩ ስለሚያስተካክል እያንዳንዱ ድምፅ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተነፍቶ አማካዩ ይያዛል። ለአራት ተማሪዎች ቡድን የአንድ መንፈቀ ዓመት ሥራ ነው። ውጤቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ባይሰጥ፣ ለምሳሌ የአንዱ ወረዳ አንቺሆዬ ከሌላው በ20 ሴንት ቢለይ፣ በላሜራው ፊት የአንዱ በጀርባው የሌላው ጨረሮች ተሰምረው ሠሪው የደንበኛውን እየጠየቀ ይገለብጠዋል።