ካርታው ንጹህ ነው፤ ፕላኑስ?

«ካርታው ንጹህ ነው፤ ዕዳ የለበትም፤ እገዳ የለበትም።» ይህ የደላላ ቃል ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ አንድ ዓይነት ነው። ገዢውም ሦስቱን ካጣራ በኋላ ገንዘቡን ይቆጥራል። አራተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ቤቱ የቆመበት ቦታ በከተማው ፕላን ላይ የተመደበው ለምንድን ነው? ለመኖሪያ ነው፣ ለመንገድ ነው ወይስ ለአረንጓዴ ቦታ?

ለመሆኑ ሻጩ ቦታው ፕላን እንደነካው እያወቀ ዝም ብሎ ቢሸጥ ገዢው ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ አለው? አለው። መንገዱ ግን ጠባብ ነው፤ የጊዜ ገደብም አለበት። ከሁሉ በላይ በሁለት ቀኖች ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ፕላኑ በጸደቀበት ቀንና ውሉ በተፈረመበት ቀን።

ዋጃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከወልዲያ ተነስቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ያለችው ይህች ከተማ እንደ ሌሎቹ የራያ ቆላ ከተሞች መንገዱን ይዛ የተዘረጋች ናት። የቤት ዋጋም የሚለካው ከአስፋልቱ ባለው ርቀት ነው። ማሽላና ጤፍ የሚጫንበት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚራገፍበት የመንገድ ዳር ቦታ ከጓሮው ጋር አይወዳደርም። ችግሩም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። በጣም የሚፈለገው የፊት ለፊት ቦታ፣ መንገድ ይስፋ ሲባል መጀመሪያ የሚነካ ቦታ ነው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ የሚሄድበት መስመርም ፕላን አውጪ ሊያልፈው የማይችል ነው። በ2007 ዓ.ም ግንባታው ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ በጦርነቱ የተቋረጠው የመቀሌ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርም የራያን ሜዳ የሚያቋርጥ ነው።

በዋጃ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከ1980ዎቹ የክልል አወቃቀር ጀምሮ በትግራይ ክልል በአላማጣ ወረዳ ሥር ቆይታ፣ በ2013 ዓ.ም በተነሳው ጦርነት ወቅት በአማራ ክልል አስተዳደር ሥር ገብታለች። የወሰንና የማንነት ጥያቄውም ከዚያ በኋላ ሲያከራክር ቆይቷል። ለፖለቲከኛው ይህ የወሰን ጉዳይ ነው። ቤት ለሚገዛ ሰው ግን የማህደር ጉዳይ ነው። ካርታው የተሰጠው በየትኛው አስተዳደር ዘመን ነው? ዋናው ፋይል ያለው የት ነው? ማዘጋጃ ቤቱ የሚያሳየው ፕላን ካርታው በተሰጠበት ጊዜ የነበረው ነው ወይስ በኋላ የተለካው? እነዚህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ሳያውቅ ገንዘቡን አወጣ ማለት ነው።

ምን ተሸጠ?

በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የመንግሥት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ገበያው ግን ይህንን ልዩነት አያውቀውም። በመንገድ ዳር ለቆመ አሮጌ የጭቃ ቤት ሚሊዮን ብር የሚከፈለው ለጭቃው አይደለም።

የቦታውን ጥቅም የሚወስነው ደግሞ ፕላኑ ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው፣ ያለ ፈቃድም ልማት እንዳይካሄድ አዟል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ለመገንባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የፕላን ስምምነት እንዲያገኝ የሚጠይቅ ነበር። በእጅ ያለው ካርታ ይዞታው የማን እንደሆነ ይናገራል። ነገ በቦታው ላይ ፎቅ ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም ለሚለው ግን ዋስትና አይሆንም። ውል አዋዋዩም ቢሆን የሚያየው ንብረቱ በሻጭ ስም መሆኑንና እገዳ አለመኖሩን ነው። የከተማውን ፕላን ዘርግቶ የሚያይ ውል አዋዋይ የለም።

በእንግሊዝ አገር የገዢ ጠበቃ ከመፈረሙ በፊት ለአካባቢው ምክር ቤት የጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል፤ በቦታው ላይ የታሰበ መንገድና የፕላን ገደብ ካለ በጽሑፍ ይመለስለታል። እዚህ ያንን የሚያደርገው ገዢው ራሱ ነው፤ ለዚያውም ካሰበበት።

ሁለቱ ቀኖች

አንድ የእህል ነጋዴ በዋጃ ዋና መንገድ ዳር አሮጌ ቤት በ2 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። ቤቱን አፍርሶ ከታች ሱቅ፣ ከላይ አልጋ ሊሠራ አስቧል። ስመ ሀብቱን አዛውሮ የፕላን ስምምነት ሲጠይቅ ማዘጋጃ ቤቱ «የፊቱ 8 ሜትር የመንገድ ነው» ይለዋል። የቀረው ቦታ ለሱቅም አይበቃም።

የመንገዱ መስመር የጸደቀው ከውሉ በኋላ ከሆነ ሻጩን መክሰስ ድካም ነው። ሻጭ በውሉ ቀን ያልነበረን ነገር ሊናገር አይችልም። የገዢው ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ይሆናል፤ ቦታው ሲወሰድም በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሳ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነጋዴው አንድ መራራ ሂሳብ ያገኛል። ካሳው የሚታሰበው ለቤቱና በቦታው ላይ ለሰፈረው ንብረት ነው፤ ለአስፋልት ዳርነቱ የከፈለው ገንዘብ በግምቱ ውስጥ አይገባም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ካለም አይቆጠርለትም።

መስመሩ የጸደቀው ከውሉ በፊት ሆኖ ሻጩም ያውቅ ከነበረ ነገሩ ይለወጣል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለገዢው ከአንድ በላይ በር ይከፍትለታል።

የመጀመሪያው ማታለል ነው። የሕጉ አንቀጽ 1704 አንዱ ወገን በተንኮል ካልተታለለ በቀር ውሉን የማይዋዋል ከነበረ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ውሉ ከፈረሰ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ቤቱ ለሻጭ፣ ገንዘቡ ለገዢ ማለት ነው። ክሱ ግን በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 1810 መሠረት የሚቆጠረውም ውሉን የሚያፈርሰው ምክንያት ከቀረበት ጊዜ አንስቶ ነው፤ በማታለል ጉዳይ ይህ ገዢው እውነቱን ያወቀበት ጊዜ ነው።

ጠበቆች የሚከራከሩበት ነጥብ ዝም ማለት ብቻውን ማታለል ነው ወይ የሚለው ነው። ሻጩ ከማዘጋጃ ቤት የደረሰውን ማስጠንቀቂያ ደብቆ ከሆነ ወይም ተጠይቆ «ምንም የለም» ብሎ ከሆነ የገዢው እጅ ይጠነክራል። ማንም ሳይጠይቀው ዝም ያለ ሻጭ ግን «ፕላን የአደባባይ ነገር ነው፤ ሄዶ ማየት የእሱ ፈንታ ነበር» ብሎ ይከላከላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው በር የሻጭ ዋስትና ነው። በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው፤ የሽያጭ ጠቅላላ ድንጋጌዎችም በአንቀጽ 2875 አማካይነት ለማይንቀሳቀስ ንብረት ያገለግላሉ። ለሆቴል መሥሪያ ተብሎ የተገዛ ቦታ ሆቴል የማይሠራበት ከሆነ ጉድለት አለበት ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዓላማው በውሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ በተለይ። በዚህኛው በር ግን ሰዓቱ ፈጣን ነው። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ መብቱንም ማስታወቂያ በሰጠ በ1 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ሊያጣው ይችላል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ቢሆንና የሻጭ ፊርማ ቢያርፍበት በኋላ ከምስክር ጭቅጭቅ ያድናል። «ሽማግሌ ይጨርሰው» ተብሎ ወራት ሲነጉድ ዋስትናው በዚያው ይዘጋል።

ሦስተኛው የወንጀል መንገድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሊገልጽ የሚገባውን ነገር በመደበቅ ሌላውን አሳስቶ ጥቅም ያገኘን ሰው በአታላይነት ይቀጣል፤ ቅጣቱ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እያወቀ የተባበረ ደላላም ከዚህ ውጪ አይሆንም። ሆኖም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የፍትሐ ብሔሩን ጊዜ አያስቆምም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

«አይቼና ወድጄ»

በአገራችን የቤት ሽያጭ ውል ላይ ገዢ ቤቱን «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ቃል አትጠፋም። ሻጭ ሲከሰስ መጀመሪያ የሚያወጣት እሷን ነው። በዓይን ለሚታይ ነገር ታገለግለዋለች፤ ጣሪያው ቢያፈስ ግድግዳው ቢሰነጠቅ። እያወቀ የደበቀውን ግን አትሸፍንለትም፤ የፕላን መስመርም ግቢ ገብቶ በማየት አይገኝም።

መድኃኒቱ በውሉ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ነው። ሻጭ በይዞታው ላይ የመንገድ፣ የወንዝ ዳር ወይም የልማት ውሳኔና ማስጠንቀቂያ እንዳልደረሰው ያረጋግጥ፤ ከውሉ ቀን በፊት የጸደቀ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ገንዘቡን ከነወጪው እንደሚመልስ ይፈርም። ሻጩ ይህንን አልፈርምም ካለ ገዢው ሳይከስ መልሱን አገኘ።

ቀብድም የራሱ ጣጣ አለው። በሕጉ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባይ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ደላሎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ማስታወስ ይወዳሉ። ቀብድ ከፍሎ ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ እውነቱን ያገኘ ገዢ «ቀብድህ ይቀልጣል» ስለተባለ ብቻ ቀሪውን መክፈል የለበትም። የተታለለ ሰው ውሉን ሲያስፈርስ ቀብዱንም ይጠይቃል።

ነጋዴው ራሱ የሚቆፍረው ጉድጓድም አለ። የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ በመሆኑ በ2 ሚሊዮን የተገዛ ቤት በውሉ ላይ በ500 ሺህ ሲጻፍ አይታይም ማለት አይቻልም። ውሉ በፍርድ ቤት ሲፈርስ ሻጭ «የተቀበልኩት 500 ሺህ ነው፤ ፊርማህም ይኸው» ይላል። ቀረጥ የቆጠበበት ወረቀት ራሱ ይመሰክርበታል።

ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገማ ክርክሩ ገና ከበሩ ይጀምራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ አንቀጽ 1723ን አጥብቆ ተርጉሞ ያልተመዘገበን የቤት ሽያጭ ውል እንደ ውል አልቆጠረውም። በመዝገብ ቁጥር 36887 ደግሞ ሽያጩ ካልተካደ ጉዳዩ ሌላ መሆኑን አመለከተ። ሻጭ አይክድም ብሎ መተማመን የገዢው ምርጫ ነው።

ከእርሻ የተገዛ

ከሁሉ የከፋው ከከተማው ጠርዝ፣ ከአርሶ አደር ይዞታ ላይ የሚደረገው ግዢ ነው። መሬት ስለማይሸጥ ወረቀቱ የብድር ወይም የስጦታ ውል ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ገዢ ሻጭን «ፕላኑን ደበቅኸኝ» ብሎ ሊከስ ሲነሳ ውሉ ራሱ ሕገ ወጥ ሆኖ ይገኛል፤ ዋስትና የሚባል ነገር አይኖርም። ቢበዛ የሰጠውን ገንዘብ ይመለስልኝ ብሎ ይከራከራል፤ ለዚያውም በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን። በ2008 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሐና ማርያም አካባቢ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ በሸገር ከተማ ቤቶች ሲፈርሱ ከአርሶ አደር በተገዛ ቦታ ላይ ቤት ሠርተው የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የሸገሩን ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም መርምሮ ሪፖርት አውጥቶበታል። ሻጮቹ ግን ገንዘቡን ቀድሞ ወስደው ነበር።

ሕጋዊ ውል ይዞ የተታለለው ነጋዴ ግን ሊከስ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር የሚታየው ንብረቱ ባለበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። በዋጃ ሁኔታ ደግሞ ችሎቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ፣ ፍርዱም ሻጩ ባለበት የሚፈጸም ስለመሆኑ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከሄደ የማስፈረድ ነገር አንድ፣ የማስፈጸም ነገር ሌላ ነው። ስለዚህ ነገር ያወቀ ገዢ ከክሱ ጋር አብሮ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 151 ጠቅሶ የሻጩ የባንክ ሒሳብ ወይም ሌላ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲያዝለት ያመለክታል። ለዚህ ማመልከቻ ከሁሉ የሚጠቅመው ማስረጃ ከማዘጋጃ ቤቱ ማህተም ጋር የሚገኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ ቦታው በፕላኑ ለምን እንደተመደበና ፕላኑ መቼ እንደጸደቀ የሚገልጽ። ያንኑ ደብዳቤ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅም ይቻላል።