እንግዳ የምትመርጥ ቁጥር

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለብቻዬ ይዤ መቆየት አቅቶኛል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ዊንደርሚር የሚባል ሐይቅ አለ። ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ካሉት የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 2005 ጀምሮ እዚያ የሞተር ጀልባ በሰዓት ከ10 የባህር ማይል በላይ እንዳይሄድ ተከልክሏል። በኪሎ ሜትር 18 ተኩል መሆኑ ነው፤ ደህና ብስክሌት ነጂ ጥሎት ያልፋል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በገመድ እየተጎተተ በውሃ ላይ ስኪ የሚጫወት አዋቂ ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከ50 በላይ ፍጥነት ይፈልጋል። በ18 ከጎተታችሁት ይሰምጣል! ስለዚህ «ስኪ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ መትከል አያስፈልግም፤ ቁጥሯ ብቻዋን ትጨርሰዋለች።

አሁን ገንዘቡን እንከተል። የስኪው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ጀልባ በመኪና እየጎተተ ይመጣል። ጀልባው ቤንዚን ይጠጣል፣ ማቆሚያ ይከራይለታል፣ ሲበላሽ መካኒክ ይፈለግለታል። ጀማሪ ከሆነ ደግሞ አስተማሪ አለ። ፍጥነቱ ሲቀር ቀድመው የሚመቱት እነዚህ ናቸው። ታንኳ ቀዛፊው፣ የባለ ሸራው ጀልባ ነጂና ዋናተኛው ለነዳጅ የሚያወጡት እምብዛም ነው፤ ግን ይርባቸዋል፣ ይበርዳቸዋል (ውሃው ቀልድ አያውቅም)፣ አልጋ ይይዛሉ። ብሩ ከጋራዡ ወጥቶ ሻይ ቤትና እንግዳ ማረፊያ ይገባል። ፈጣን ጀልባ በሚጋልብበት ውሃ ደግሞ ማን ልጁን ያስገባል? ገደቡ ከጸና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ እዚያው ሐይቅ ላይ ትልቅ የዋና ውድድር ተጀመረ፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዋኝበታል። «ገደቡ ቱሪዝሙን ጎዳ ወይስ ጠቀመ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «የማንን ኪስ?» የሚል ነው።

ፍጥነት ወዳዶቹ ዝም ብለው አልወጡም፤ የሚከራከሩበት ታሪክም ነበራቸው። ጁን 13 ቀን 1930 ሰር ሄንሪ ሲግሬቭ በዚሁ ሐይቅ ላይ በሰዓት 159 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ እዚያው ቀን ጀልባው ተገልብጦ ሞተ። በኋላ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ትልልቅ ሐይቆች ገደብ ሲጣልባቸው ፈጣኑ ጀልባ ሁሉ ዊንደርሚር ላይ ተጠራቀመ። በ1990ዎቹ ክርክሩ ለዓመታት ተጎተተ፤ ደንቡ በ2000 ሲጸድቅም ነጋዴው እንዲዘጋጅ የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው። ይህን እፎይታ እኔ ወድጄዋለሁ፤ መካኒክ በአንድ ሌሊት አስተናጋጅ አይሆንም።

ደግሞ ማዕበሉን ተመልከቱ። ጀልባ ዝግ ሲል የሚያስነሳው ማዕበል ትንሽ ነው። ሲፈጥን የራሱ ማዕበል እንደ ዳገት ፊቱ ይቆምና አፍንጫውን ሰቅሎ፣ ጭራውን ቀብሮ ይታገላል፤ ዳርቻውን የሚገርፈው ትልቁ ማዕበል ያኔ ይወጣል። የበለጠ ሲፈጥን ዳገቱን ወጥቶ ውሃው ላይ ይንሸራተታል፤ ማዕበሉም መልሶ ያንሳል። ለትንሽ ጀልባ 10 የባህር ማይል ትግሉ መሀል ላይ ይወድቃል። ዳርቻውን ለማትረፍ ከሆነ እንግዲህ ከ10 በታች መውረድ ይሻላል፤ በአንዳንድ የሐይቁ ክፍሎችም ገደቡ 6 ነው።

ቁጥሯ ስትለወጥ እንግዳውም ይለወጣል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ዊኒፐሶኪ በሚባለው ሐይቅ ላይ ከ2009 ጀምሮ ገደብ አለ፤ ቀን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ሌሊት 48። እሱም «የፍጥነት ገደብ» ይባላል፤ ግን የነካው እጅግ ፈጣን የሆኑትን ጀልባዎች ብቻ ነው። የስኪው ሰው እዚያ ቤንዚኑን እየገዛ ዛሬም ይጎተታል።