ልጅ ሊቀበል የመጣ እንግዳ ሀገርን ሲጐበኝ

ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ዓይነት ነው፤ ነጋዴው ለትርፍ፣ ሊቁ ለምርምር፣ ምእመኑ ለበረከት፣ ሀገር ጐብኚውም ዓይኑን ለማጥገብ ይመጣል። ካለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ግን ከእነዚህ ከሁሉም የተለየ አንድ መንገደኛ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ይታይ ነበር፤ እርሱም ከአብራኩ ያልተከፈለውን፣ ከሚስቱም ማኅፀን ያልወጣውን ሕፃን በሕግና በፍቅር የራሱ ሊያደርግ፣ ባልና ሚስት ሆኖ መጥቶ ልጅ ታቅፎ ሊመለስ የተነሣ ወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን የሄዱትም ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ሕፃናቱ ብዙ ተነግሯል፤ ወላጅ ሊሆኑ የመጡት ሰዎች በሀገራችን በቆዩባቸው ቀኖች ምን አዩ፣ ምንስ ማየት ይገባቸው ነበር የሚለው ግን፣ ለልጆቹ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም አልተጻፈበትም።

እነዚህ ሰዎች ለጉብኝት ብለው አልመጡም፤ ጉብኝቱን የወለደው የሥርዓቱ ርዝመት ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር አይጸናም፤ አሳዳጊው የውጭ ሀገር ሰው በሆነ ጊዜም፣ የሕፃናትን ደኅንነት እንዲከታተል ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአሳዳጊውን ጠባይና ኑሮ መርምሮ ለማሳደግ የሚበቃ መሆኑን ሳይገልጽ ዳኛው ሊያጸድቅ አይችልም ነበር። ከፍርዱ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የሐኪም ምርመራና የኤምባሲ ቪዛ በተራ በተራቸው ይከተሉ ነበር። ቀድሞ ብዙዎቹ ጉዳያቸውን በወኪል አስጨርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን የአሜሪካ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ጉዞ ልጁን አይተው በችሎት ፊት ሊቆሙ፣ በሁለተኛው ደግሞ ቪዛውን አስጨርሰው ልጁን ሊወስዱ፣ ሁለት ጊዜ ባሕር መሻገር ግድ ሆነባቸው። ከልጁ ጋር የሚቆዩባት ሰዓት በቀን ውስጥ ጥቂት ስትሆን የቀረው ቀን ሁሉ ባዶ ነው፤ ልባቸው በሕፃናት ማሳደጊያው ቀርቶ፣ እግራቸው በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሹፌሩ ወይም አስተርጓሚው ይህን ጭንቀት አይቶ «ኑ እንጂ ከተማውን ላሳያችሁ» ይላል፤ ጉብኝቱ የሚጀመረው እንዲህ ነበር።

ልጅ በተስፋ የሚጠብቅ ሰው ቤተ መዘክርና ገበያ መዞሩን አንዳንዶች እንደ ቅንጦት አይተው ሲነቅፉት ሰምቻለሁ። ነቀፋው ልክ አይመስለኝም። የዚያው የቤተሰብ ሕግ 183ኛ አንቀጽ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ እንደሚቆይ ይደነግጋል፤ የልጁን የቀድሞ ዘር ፈጽሞ ቈርጦ አዲስ ዘር ብቻ የሚተክል ሕግ ካላቸው ሀገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እንግዲህ ሕጉ እንዳይቋረጥ ያዘዘውን ግንኙነት ጨቅላው ሕፃን ራሱ ሊጠብቀው ስለማይችል፣ እስኪያድግ ድረስ በአደራ የሚጠብቅለት አሳዳጊው ነው፤ ያላየውንና ያላወቀውን ሀገር ደግሞ ማንም በአደራ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ለእነዚያ ወላጆች ሀገር ማየት ከወላጅነት ግዴታ የመጀመሪያው ነበር ብል አላጋነንሁም።

በአዲስ አበባ ብዙዎቹ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችውን ድንቅነሽን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተውን አጽሟን በቅጂው ያዩ ነበር፤ እውነተኛው አጽም ለብቻው ተጠብቆ ይቀመጣልና። ይህ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ ስለሆነ ከልጁ ይልቅ ለዓለሙ ይናገራል። እኔ ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለውን እንግዳ የምመክረው ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሰጡት ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንዲሄድ ነበር። በዚያ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሕዝባችንን ኑሮ ያሰናዳው በየብሔረሰቡ ከፋፍሎ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ይጀምራል፣ በጉልምስና፣ በሥራና በጋብቻ ያልፋል፣ በሞትና ከሞት በኋላ ባለው ተስፋ ይፈጽማል። ነገ ሕፃን የምትታቀፍ እናት በልደቱ ክፍል ቆማ ይህ ሕዝብ ልጁን እንዴት እንደሚቀበል፣ በምን ጨዋታ እንደሚያሳድግ ስታይ፣ በዐሥር መጻሕፍት የማታገኘውን ትማራለች፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለው የሰርግ ዕቃም እርሷ በምታሳድገው ልጅ ሕይወት ምን መልክ ይኖረው ይሆን ብላ እንድታስብ ያስገድዳታል።

ወደ እንጦጦ የወጡትም ብዙ ናቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባትን የእንጦጦ ማርያምን ተሳልመው፣ ከተማዪቱን ከላይ ቁልቁል አይተው ይመለሳሉ። በመንገዱ ላይ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጐንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይቶ አልተመለሰም፤ ድህነት ልጅን ከእናት እንዴት እንደሚለይም በዚያው ዳገት ላይ ተገልጦለታል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሽሮ ሜዳው ገበያ ነበር። አሳዳጊዎቹ በጠባቡ ሱቅ ገብተው ጥበቡን፣ ነጠላውንና የሕፃን ቀሚሱን ካስዘረጉ በኋላ፣ ለዛሬው ሕፃን የሚሆነውን አንዱን ገዝተው አይመለሱም፤ የሁለት ዓመቱን፣ የሦስት ዓመቱን፣ የሰባት ዓመቱንም መጠን እየለኩ ይገዛሉ፤ ልጁ ገና ባላየው ልደቱ ሁሉ ከሀገሩ የመጣ ልብስ እንዲደርሰው አስበው በሻንጣ ያኖሩታል። ሸማኔው ይህን ሲረዳ ዋጋውን መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ጥለቱ የትኛው ለወንድ፣ የትኛው ለሴት እንደሚያምር ተነሥቶ ያሳያል። በሁለተኛው ጉዞ ልጁን ታቅፈው ሲመለሱ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ዘመድ ይሆናል። የማያውቋት አሮጊት ቆም ብለው ፈረንጇን እናት «የኔ ልጅ፣ ራሱን ሸፍኚው እንጂ፤ ብርድ ይመታዋል» ይሏታል፤ ቋንቋውን ባትሰማም እጃቸው ነጠላውን ሲያስተካክል መልእክቱ ይገባታል። አንዳንዱ መንገደኛ ይመርቃል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል፤ የሀገር ልጅ ወደ ባዕድ ሲሄድ ማየት የሚያስከፋው ሰው መኖሩን ማወቅም ለአሳዳጊው ያስፈልገው ነበር፤ ልጁ አድጎ በጠየቀው ጊዜ እውነቱን ሁሉ ሊነግረው የሚችለው ሁለቱንም ፊት ያየ እንደሆነ ብቻ ነውና።

ገንዘብና ጊዜ የተረፋቸው ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም በረሩ። ማንም ያያቸው ዘንድ የሚገቡ ቅዱሳት መካናት ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ውጭ ከሄዱት ሕፃናት እጅግ ብዙዎቹ የተወለዱት በደቡብ፣ በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ነበርና፣ ወደ ሰሜን በርሮ የልጁን የትውልድ መንደር ሳያይ የተመለሰ ወላጅ ታላቁን መጽሐፍ ገልጦ የልጁ ስም የተጻፈበትን ገጽ እንደ ዘለለ ሰው ይቈጠራል።

የደቡቡ መንገድ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና ይወርዳል። መልካ ቁንጥሬን እንዳለፉ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ ከዚያ ቀጥሎ በጢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ 36 የመቃብር ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከእነርሱም 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ከጢያ ወዲያ ሀገሩ መልኩን ይለውጣል፤ እንሰቱ ጎጆውን ከቦ ይቆማል፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥላው ጥቁር ነው፤ ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ቆጮውን በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል። ይህ ተክል ዝናም በዘገየ ጊዜ እንኳ ቶሎ ስለማይጠፋ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቆ እንዲኖር አስችሏል፤ መሬቱ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ሲያንስ፣ በዚያም ላይ በሽታና ሞት ሲጨመርበት፣ ሕፃናት ለማሳደጊያ የሚሰጡበት ምክንያት ይበዛል። አሳዳጊው ይህን ከመኪና መስኮት ሲያይ፣ ልጁ የተሰጠው ስላልተወደደ እንዳልሆነ ይረዳል። ልጅ አድጎ የሚጠይቀው ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሶዶ ይደረግ የነበረው መገናኘት እንደ ጉብኝት ሊቈጠር አይገባውም፤ የመንገዱ ሁሉ ፍጻሜ ግን እርሱ ነበር። በአንዲት ክፍል ውስጥ የልጁ እናት፣ ወይም አያት፣ ወይም አጎት በአንድ ወገን፣ አሳዳጊዎቹ በሌላው ይቀመጣሉ፤ አስተርጓሚው መካከል ነው። መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ አሳዳጊዪቱ በደብተሯ የጻፈችውን ጥያቄ ታነባለች፦ በምን ቀን ተወለደ፣ ስሙን ማን አወጣለት፣ ወንድም እኅት አለው ወይ፣ ሲያለቅስ በምን ታባብሉት ነበር። ወላጅ እናትም በበኩሏ ትጠይቃለች፤ ያስተምሩታል ወይ፣ ሲታመም ሐኪም አለ ወይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተመልሶ ያየኛል ወይ። በሀገራችን ጥንታዊ የጉዲፈቻ ልማድ ልጅ ለሌላ ቤተሰብ ሲሰጥ ከወላጁ አይን ፈጽሞ አይሰወርም ነበርና፣ ብዙ እናቶች የውጭ ሀገሩንም ጉዲፈቻ በዚያው ዓይን አይተው፣ ልጁ ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ፈርመዋል። ይህን ሳያስረዱ ያስፈረሙ ደላሎች የሠሩት ግፍ ከባድ ነው፤ ሞቷል ተብሎ በወረቀት የተጻፈ ወላጅ ቆይቶ በሕይወት የተገኘበትም ጊዜ አለ። ወደ መንደሩ ወርዶ ጥያቄውን በራሱ አፍ የጠየቀ አሳዳጊ ይህን ስሕተት በጊዜው የመለየት ዕድል ነበረው፤ ከተማ የቀረው ግን አልነበረውም።

በእንዲህ ያለው ቅሬታና በውጭ ሀገር በአንዳንድ ሕፃናት ላይ በደረሰው በደል ምክንያት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ሀገር ሰው የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አስቀረ። በሩ ተዘጋ፤ የሄዱት ልጆች ግን በየሀገሩ እያደጉ ናቸው።

በባዕድ እጅ አድጎ ወደ ሀገሩ የተመለሰ አንድ ሰው ከእኛው ታሪክ አለ። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በወደቀች ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘ ሕፃን በእንግሊዝ መኰንን ተወስዶ በሕንድ አደገ፤ በአሳዳጊዎቹም ስም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ሕክምና ተማረ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሀገሩ በመጣ ጊዜ ዘመዶቹ ፈልገው አገኙት፤ እኚህ ሰው በመጨረሻ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው የተመለሱት ስለ ትውልድ ሀገራቸው የሚነግራቸው ደብተርም ሥዕልም ሳይኖራቸው ነበር፤ የዛሬዎቹ ወጣቶች ግን አሳዳጊዎቻቸው በዚያን ጊዜ ያነሡት ፎቶግራፍ፣ የገዙት ቀሚስ፣ በደብተር የጻፉት የቀበሌ ስም አላቸው።

እነዚህ ወጣቶች መምጣት ጀምረዋል። ከድንቅነሽ ይልቅ የሚፈልጉት መዝገብ ነው፤ ማሳደጊያዎቹ ብዙዎቹ ግን ተዘግተዋል። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየዓመቱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሪፖርትና ፎቶግራፍ ለመላክ ግዴታ ገብተው ነበር፤ ይህ ሪፖርት፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብና የየማሳደጊያው ፋይል በአንድ ቤተ መዛግብት ተሰብስበው፣ በልጁም ሆነ በደቡብ በምትጠብቀው እናት ጥያቄ የሚገለጡ ቢሆኑ፣ በከምባታ ያለች እናት ስለ ልጇ ደኅንነት ለማወቅ የሰው ምሕረት መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ ወጣቱም ሆሳዕና ሲወርድ የሚጠይቀው ሰው ስምና መንደር በእጁ ይዞ ይወርዳል። ፋይሎቹ በየመጋዘኑ በእርጥበትና በአይጥ ከመጥፋታቸው በፊት ይህን ሥራ የሚጀምር መሥሪያ ቤት መሰየም አለበት።