ሲዋኙ የሚወልቀው ጆሮ

አምቦን አገር የሚያውቃት በጠርሙሷ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ ከነጋዙ ከመሬት የሚወጣው ውሃዋ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ ይሸጣል። እዚያው ላደገ ልጅ ግን የአምቦ ውሃ የሚጠጡት ብቻ ሳይሆን የሚዋኙበትም ነው። የማዕድን ውሃ መዋኛው ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ይጠራል፤ የሁሉቃ ወንዝ ከተማዋን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጉደርና ፏፏቴው አሉ፤ በደቡብ በኩል ወንጪ፣ ከጊንጪ ወዲያ ደግሞ ደንዲ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው።

በእንዲህ ያለ አገር መስማት የተሳነው ልጅ ኮክሌር ኢምፕላንት ሲተከልለት፣ ወላጅ «ከእንግዲህ ውሃ መግባት ይችላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይችላል። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ የሚከለክለው ነገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ መሣሪያው ነው፤ መሣሪያው ሲወልቅ ልጁ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መሣሪያውን መጀመሪያ እንተዋወቀው። ኮክሌር ኢምፕላንት ድምፅ ከሚያጎላው የተለመደ የመስማት መርጃ መሣሪያ የተለየ ነው። ውጫዊው ክፍል ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ፕሮሰሰር ሲሆን ማይክሮፎኖችና ባትሪ አሉት፤ ከእሱ የሚወጣ ቀጭን ገመድ ማግኔት ያለበት ክብ ቁራጭ ይዞ ራስ ቅል ላይ ይለጠፋል። ውስጣዊው ክፍል በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ተቀባይ ነው። ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ክር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘው የውስጥ ጆሮ ድረስ ይገባል፤ ክሩ ላይ እንደ አምራቹ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ተደርድረዋል። ፕሮሰሰሩ ድምፁን ተንትኖ በቆዳው በኩል ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሮዶቹም የተጎዱትን የጆሮ ሕዋሳት አልፈው ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳሉ።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ ጁርኖና ኤይሪየስ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1957 እ.ኤ.አ. የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን ተከለ፤ አሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. ለልጆች ፈቀደች። ዛሬ በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። በእኛ አገር ውድነቱ ገና ብዙውን ቤተሰብ ከበር ይመልሳል፤ የውጭው ክፍል ብቻ በሺዎች ዶላር የሚገመት ነው። ስለዚህ ወላጅ ለመሣሪያው ቢሰስት አይፈረድበትም።

ወደ ውሃው እንመለስ። ከቆዳ በታች ያለው ክፍል በደንብ የታሸገ ስለሆነ ዋና አይጎዳውም፤ አምራቾች እንደየዓይነቱ እስከ 40 ወይም 50 ሜትር ጥልቀት ይፈቅዳሉ፣ ይህም ለአምቦ ገንዳ ከበቂ በላይ ነው። ውሃን የሚፈራው ውጫዊው ነው። በመመሪያው ላይ «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው የአቧራ፣ ሁለተኛው የውሃ መቋቋም መጠን ነው። ሁለተኛው 7 ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ 8 ከሆነ ከዚያ በላይ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ። ለዋና ተብለው የሚሸጡ መከለያዎችም አሉ፤ የኮክሌር ኩባንያ አኳ ፕላስ፣ የሜድኤል ዋተርዌር ፕሮሰሰሩን አጥብቀው የሚሸፍኑ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ዚንክ ኤር የሚባለው ተጣይ ባትሪ ብዙውን ጊዜ አይሠራም፤ ያ ባትሪ ኃይል የሚያመነጨው አየር ስቦ ስለሆነ፣ ሲታሸግ ይታፈናል። የሚሞላው ባትሪ ያስፈልጋል።

አምቦ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የውሃ መቋቋም ፈተናው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ ነው። የአምቦ ውሃ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት የተሸከመ ነው፤ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ይተዋል። ያ ቅሪት የማይክሮፎኑን ስስ መሸፈኛ ሊደፍን፣ የባትሪውን መገናኛ ሊያዝግ ይችላል። ስለዚህ መከለያ ለብሶም የዋኘ ፕሮሰሰር መከለያው ሳይወልቅ በቧንቧ ውሃ መታጠብ አለበት። ከልጁ ፀጉር ላይም ውሃው ጠፈፍ ሳይል ማግኔቱን መለጠፍ አይገባም።

መከለያ የሌለው፣ ወይም ማግኔቱ በሞገድ እየተነቀለ ያስቸገረው ልጅ ፕሮሰሰሩን አውልቆ ይገባል። አብዛኛው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አስባለሁ፤ ክፋትም የለውም። ያን ጊዜ ግን ከአፍታ በፊት ሲጠሩት ዞር ይል የነበረው ልጅ ፈጽሞ አይሰማም። ቤተሰቡ እየሰማ ስለለመደው ይህን ይረሳል፤ ከዳር ሆኖ «ና ውጣ!» እያለ ይጮኻል። ልጁ አላመጸም፤ አልሰማም።

ከጸጥታው በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሚዛን ነው። የመስማትና የሚዛን አካላት በውስጥ ጆሮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱን የመታ በሽታ ሌላውንም ብዙ ጊዜ አይምርም። በተለይ በማጅራት ገትር የመስማት ችሎታውን ያጣ ልጅ ሚዛኑም አብሮ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው ውስጥ ናት። እንዲህ ያለው ልጅ መሬት ላይ ሲሮጥ ችግሩ ላይታወቅ ይችላል፤ ዓይኑና እግሩ ይደግፉታል። ውሃ ውስጥ ግን እግር መሬት አይረግጥም፣ አካል ክብደት አይሰማውም፤ ውሃው ደፍርሶ ወይም ዓይኑ ተከድኖ ከሆነ የቀረው መሪ የሚዛን አካል ብቻ ነው። እሱም ከሌለ ልጁ ላይና ታቹን ያጣል። ወደ ላይ እየወጣሁ ነው ብሎ ወደ ታች ሊዋኝ ይችላል። ይህ የዋና ችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ ጎበዝ ዋናተኛም ላይ ይደርሳል።

ምልክቶቹን ወላጅ ሊያስተውል ይችላል፦ አንገቱን ለመያዝ ወይም ለመሄድ የዘገየ ሕፃን፣ በጨለማ የሚንገዳገድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም ፈጽሞ የሚያቅተው። እንዲህ ያለውን ልጅ ውሃ ከመከልከል ይልቅ በሐኪም ማስመርመርና ጥርት ባለ ውሃ፣ በሚቆምበት ጥልቀት ማስለመድ ይሻላል። የዋና መነጽር ለእሱ ቅንጦት አይደለም። በአፍንጫው ትንሽ ትንፋሽ አውጥቶ አረፋው የሚሄድበትን አቅጣጫ እንዲከተል ማስተማር ይቻላል፤ አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በምሽትና በደፈረሰ ውሃ ግን ድርድር የለም። ራስን ወደ ታች አድርጎ መወርወርም እንዲሁ፤ ከቆዳ ሥር ያለውን ተቀባይ የሚጎዳው ውሃ ሳይሆን በራስ ላይ የሚያርፍ ምት ነው።

ገንዳው ከሁሉም የተሻለው ነው። ሁሉቃና ጉደር ወንዞች ናቸው፤ ክረምት ሲገባ በላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ታች ላሉት ሳይታሰብ ይደርሳል። ደራሽ ውሃ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ የሚያጉረመርመውን ድምፅ ሰምተው ልጆች ልብሳቸውን አንስተው ይሮጣሉ። ፕሮሰሰሩን ድንጋይ ላይ ያስቀመጠው ልጅ ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም፤ የሚያየው ጓደኞቹ ሲሮጡ ነው፣ እሱም ፊቱ ወደ እነሱ ከሆነ። ለዚህ ልጅ በክረምት ወንዝ ዋና የለም ብል አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል፤ ቢሆንም እላለሁ።

ጉደር ፏፏቴ አጠገብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፕሮሰሰሩ ተለብሶም አይጠቅምም። ኮክሌር ኢምፕላንት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ንግግር ለመለየት ጥሩ ነው፤ ጫጫታ ሲበዛ ግን የሰው ድምፅ ከጫጫታው መነጠል ያቅተዋል። የፏፏቴው ጩኸት፣ የገንዳው ማስተጋባት፣ የሠላሳ ልጅ ሁካታ አንድ ላይ ይሰማሉ፣ የአባት ቃል ግን ይጠፋል።

ስለዚህ የእጅ ምልክት ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤተሰብ፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ ኢምፕላንት የተተከለለት ልጅ ንግግር እንዳይዘገይበት ብሎ የምልክት ቋንቋን ከቤት ያርቃል። በዚህ አልስማማም፤ ውሃ ዳር ደግሞ ክርክሩ ያበቃል፣ ምክንያቱም መሣሪያው የወለቀለት ልጅ የሚነጋገረው በዓይኑ ነው። ሙሉ ቋንቋውን ለመማር ጊዜ የሌለው ቢያንስ «ቁም»፣ «ውጣ»፣ «ወደ እኔ»፣ «ደህና ነህ?» እና «እርዱኝ» የሚሉትን ቤት ሳሉ ተስማምቶ ይለማመዳቸው። ዋና አስተማሪውና ነፍስ አድን ሠራተኛውም ልጁ ከመግባቱ በፊት ይወቁት። ፊሽካው ለእሱ ምንም አይደለም፤ ባለ ደማቅ ቀለም ፎጣ ማውለብለብ ይሻላል። አስተማሪው ሲናገር ፀሐይን ከጀርባው አያድርግ፤ ፊቱ ከጠቆረ ልጁ ከንፈሩን ማንበብ አይችልም። ክንድ በሚደርስበት ርቀት ውሃው ውስጥ አብሮት የሚሆን አንድ አዋቂ ግን በምንም አይተካም።

ውሃ የሚገባው ለመዋኘት ብቻም አይደለም። ብዙ እናቶች መስማት የተሳነውን ልጃቸውን ከሕክምናውም በፊት፣ ከሕክምናውም በኋላ ጠበል ይወስዳሉ። ይህን የሚከለክል ሐኪም እናትየዋን ያጣታል እንጂ ልማዱን አያስቀርም፤ የሚሻለው ቁስሉ እስኪድን ቆይታ፣ ከዚያም ውጫዊውን አውልቃ በደረቅ ዕቃ አስቀምጣ እንድታስጠምቅ መንገር ነው። ውሃ ጆሮ ቢገባ ወደ ተተከለው አይደርስም። ጥምቀት ግን ሌላ ነው። ጥር 11 ቀን በሕዝብ መካከል ውሃ ሲረጭ ፕሮሰሰሩን አውልቆ ኪስ መክተት ቢያጓጓም፣ በዚያ ግርግር የማይሰማ ልጅ መያዝ ከረጠበ መሣሪያ የባሰ አደጋ ነው። ኮፍያ ወይም የዝናብ ልብስ ቆብ ደርቦ እንዲሰማ መተው ይመረጣል፤ ለኢሬቻ የሚረጨውም እንደዚሁ።

ወንጪ፣ ምንም እንኳ ዞኑ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ቢሆን፣ ከአምቦ ቅርብ ስለሆነ የአምቦ ሰው መዝናኛ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ካላት ወዲህ ጎብኚው በዝቷል። ሐይቁ ቀዝቃዛና ጥልቅ ነው፤ በደሴቱ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ገዳም የሚሻገሩት በጀልባ ነው። እዚህ የመንሳፈፊያ ጃኬት ልጁ ጀልባ ላይ ሳይወጣ በፊት ጥብቅ ብሎ ይታሰር። ፕሮሰሰሩም በትንሽ ክር ከልብስ ጋር ይያያዝ፤ እንደ ወንጪ ባለ ሐይቅ ውስጥ የወደቀን የሚያወጣው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገምቷል፤ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ። ድርጅቱ የሚመክረው ልጆችን ከውሃ ማራቅን ብቻ አይደለም፤ ዋና ማስተማርንም ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ሩቅ መሄድ እንደሚችል ለሚጠራጠር፣ በቡላዋዮ የተወለደው ደቡብ አፍሪካዊ ቴረንስ ፓርኪን አለ። ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማው ፓርኪን በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ በ200 ሜትር የደረት ዋና ብር አገኘ፤ የመነሻ ምልክቱ ለእሱ በብርሃን ይሰጠው ነበር። ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ኦሊምፒክ ደግሞ ተወዳዳሪ ሁሉ የጆሮ መሣሪያውን አውልቆ ነው የሚገባው።

ከዋና የተመለሰ ፕሮሰሰር ታጥቦ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ባትሪው ተለይቶ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ያድራል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረግ ያበላሸዋል። ጠዋት ሲለበስ እናት ወይም አባት አፋቸውን በእጅ ጋርደው ከጀርባ «አ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ም» ይበሉ፤ ልጁም የሰማውን ይድገም። የመስማት ባለሙያዎች ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ ለመፈተሽ የሚጠቀሙባቸው ስድስት ድምፆች እነዚህ ናቸው። አምስቱን ደግሞ «ስ»ን ብቻ ከዘለለ መጀመሪያ የማይክሮፎኑ መሸፈኛ ይታይ፤ የአምቦ ማዕድን ደፍኖት ሊሆን ይችላልና።