የትራሙንታና ተራሮች የብስክሌት መንገዶች

ሴራ ደ ትራሙንታና በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የኖራ ድንጋይ ተራራ ሰንሰለት ነው። ከፍተኛው ጫፍ ፑች ማዮር 1,400 ሜትርን በጥቂቱ ቢያልፍ ነው። የስሜንን ወይም የባሌን ተራሮች ያየ ሰው «ይህም ተራራ ተብሎ!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እዚህ አቀበቱ የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። መንገዶቹ ከወደብ ወይም ከወደቡ አጠገብ ካለ ሜዳ ተነሥተው ከ500 እስከ 850 ሜትር ይወጣሉ፤ ከዚያ መልሰው ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ደሴቲቱን በመላው አውሮፓ በመንገድ ብስክሌት ያስጠራት ይህ መውጣትና መውረድ ነው።

አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በሕግ ተከልሏል። ይሁን እንጂ ሰው የማይኖርበት ጫካ አይደለም። በውስጡ መንደሮች፣ የወይራና የብርቱካን እርሻዎች፣ ገዳምም አለ። ዳገቱን ከላይ እስከ ታች የሸፈኑት እርከኖች ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ የተሠሩ ናቸው። የኮንሶን እርከኖች ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። እንዲያውም ዩኔስኮ ኮንሶንና ትራሙንታናን በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ ጉባኤ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱም መዝገብ ላይ የገቡት የሰው እጅ ለዘመናት ባበጀው መልክዓ ምድራቸው ነው። ወይራውም ቢሆን ዘመድ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ ወይራና የማዮርካው ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

ከእርከኖቹ በላይ የበሉጥና የጥድ ደን አለ። ሰማዩ ላይ ጥቁሩ ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ ይታያል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ከጥንብ አንሳው ይልቅ ብስክሌተኛን የሚያስቸግረው ፍየል ነው። በገደሎቹ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አለች፤ ሳይንስ አስቀድሞ ያወቃት በቅሪተ አካሏ ብቻ ነበር፣ በሕይወት መኖሯ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የጥብቅ ስፍራው አከርካሪ ኤም ኤ 10 የሚባለው አስፋልት ነው። በደቡብ ምዕራብ ካለችው አንድራች ተነሥቶ በሰሜን ምሥራቅ እስካለችው ፖየንሳ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የመጀመሪያው ግማሽ ባሕሩን በግራ አድርጎ በገደል አፋፍ ላይ የሚጓዝ ነው። ረጅም አቀበት የለበትም፣ ሜዳም የለበትም፤ እግር ሳይታወቀው የሚዝለው እዚህ ላይ ነው። ባንያልቡፋር የምትባለው መንደር በእርከኖቿ ትታወቃለች። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብላ ያለችው ቫልዴሞሳ የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 መካከል ያለውን ክረምት ያሳለፈባት ናት። ደያ የምትባለውን መንደር አልፎ መንገዱ ወደ ሶዬር ሸለቆ ይወርዳል።

ሁለተኛው ግማሽ ሌላ ዓለም ነው። ከሶዬር ወደ ፑች ማዮር የሚወስደው አቀበት 14 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በአማካይ 6 በመቶ ተዳፋት አለው፤ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። የተራራው አናት ወታደራዊ ይዞታ ስለሆነ መንገዱ እስከዚያ አይደርስም፤ 850 ሜትር ገደማ ላይ በዋሻ ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይወጣል። ከዋሻው ማዶ ኩበርና ጎርግ ብላው የተባሉ ሁለት ግድቦች አሉ፤ ዋና ከተማዋ ፓልማ ከሚደርሳት ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ከዚያ በደን ውስጥ እስከ ሉክ ገዳም፣ ከገዳሙም ወደ ፖየንሳ ረጅም ቁልቁለት ይከተላል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል፣ ይህ ከሶዬር እስከ ፖየንሳ ያለው ክፍል የሚበልጥ ነው።

ከፓልማ ወደ ሶዬር የሚያሻግረው አሮጌ መንገድ ግን የተለየ ዕድል ገጥሞታል። 496 ሜትር ከፍታ ባለው በር በኩል፣ ከሃምሳ በላይ ኩርባዎችን እየዞረ ያልፋል። ቀድሞ መኪናው ሁሉ በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በተራራው ሥር ለመኪና የሚሆን ዋሻ ተከፈተ፤ ወደዚያ ብስክሌት አይገባም። አሽከርካሪው ሁሉ ወደ ዋሻው ሲዞር አሮጌው መንገድ ለብስክሌተኛ ቀረ ማለት ይቻላል። ለብስክሌት ታስቦ የተሠራ አንዳች ነገር የለውም፤ ቢሆንም ለብስክሌተኛ የተሠራ ያህል ሆኗል።

በጣም ዝነኛው ሳ ካሎብራ ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ 682 ሜትር ላይ ያለውን በር ተሻግሮ፣ 9.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባሕር ዳር ያበቃል። መውጫው ያው መውረጃው ነው። መሐንዲሱ አንቶኒዮ ፓሪዬቲ መንገዱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ዓላማው ጎብኚን በመኪና እስከ ውኃው ማድረስ ነበር። ከባድ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ ድንጋዩ የተቆረጠው በሰው ጉልበት ነው። ፓሪዬቲ ተራራውን ለመብሳት አልሞከረም፤ ቦታ ባጠረው ጊዜ መንገዱን በራሱ ላይ አጠፈው። ከአናቱ ብዙም ሳይርቅ አስፋልቱ 270 ዲግሪ ይዞርና በራሱ ሥር፣ በትንሽ ድልድይ በኩል ያልፋል። የአገሩ ሰው ይህን ኩርባ «የከረባት ቋጠሮ» ይለዋል። ከላይ ያለው ብስክሌተኛ ከታች የሚመጣውን ጓደኛውን ያየዋል፤ ተጠራርተውም ይሰማማሉ፤ ለመገናኘት ግን ገና ብዙ ፔዳል ይቀራቸዋል።

የሳ ካሎብራ አማካይ ተዳፋት 7 በመቶ ነው። ይህ በጉልበት ሲመነዘር ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ብስክሌት ይዞ በአንድ ሰዓት ወጣ እንበል። የነፋሱንና የጎማውን መፋተግ ሳንቆጥር፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 155 ዋት ገደማ ሳያቋርጥ ማመንጨት አለበት። ሜዳ ላይ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፣ ሰውም ከፊት ከሚሄደው ጓደኛው ጀርባ ተጠልሎ ሊያርፍ ይችላል። አቀበት ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መጠለሉ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ጠላቱ የገዛ ክብደት ነው። ከላይ በተባለው ስሌት አንድ ኪሎ ትርፍ ሸክም አርባ ሰከንድ ያህል ያዘገያል። ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ቀላል ብስክሌት ከመግዛት ለዳገት የሚሆን ማርሽ ማስገጠም ይሻላል፤ ከኋላ ትልቅ ማርሽ የተገጠመለት ብስክሌተኛ ከኮርቻው ሳይነሣ፣ በእኩል ምት እየረገጠ ይወጣል።

ቁልቁለቱም የራሱ ሙያ አለው። ፍሬን ሳይለቁ መውረድ አሮጌ ዓይነት ፍሬን ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ጎማ ያለበትን ቸርኬ ያግላል፤ ጎማው እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይይዝና በኩርባው ውስጥ ይለቃል።

ለጀማሪ የሚመከረው ግን ሳ ካሎብራ አይደለም። ከካይማሪ መንደር ወደ ሉክ ገዳም የሚወስደው አቀበት 8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 5 በመቶ ተዳፋት ያለው፣ አብዛኛው በደን ጥላ የተሸፈነ ነው። ሌላው በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ፎርሜንቶር የባሕር ፋና የሚሄደው መንገድ ነው፤ እሱም የፓሪዬቲ ሥራ ነው። ርዝመቱ ከፖየንሳ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ደርሶ ሲመለስ ሁሉም አቀበት ዳግም ይከፈላል። በአውሮፓ በጋ የግል መኪና ወደዚያ እንዳይገባ በቀን ሰዓት ስለሚከለከል ለብስክሌት ይመቻል።

ወቅቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም መስከረምና ጥቅምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እምብዛም የለም፣ ሙቀቱ ግን ያደክማል፤ አስፋልቱም በቱሪስት አውቶቡስ ይሞላል። ዕውቅ ተወዳዳሪዎች የሚመጡት ገና ሌላው አውሮፓ በበረዶ ሳለ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት መካከል የማዮርካ ቻሌንጅ የሚባሉ የአንድ ቀን ውድድሮች ይካሄዳሉ፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ባለችው አልኩዲያ ከእነዚህ አንዱን አሸንፏል። በሁለት ወር ውስጥ የቤልጅየሙን የጌንት ዌቨልገም ውድድር ጨመረበት።

የስፔን ሕግ ከከተማ ውጭ ለሚጋልብ ሰው በመሠረቱ ሄልሜት ያስገድዳል፤ አሽከርካሪም ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። መንገዱ በጠበበበት ቦታ ይህ የሚሆነው መኪናው ታግሦ ሲከተል ብቻ ነው፤ በማዮርካ ብዙዎቹ ይታገሣሉ። ወደ ሳ ካሎብራ የሚወርድ ሰው አውቶቡሶቹ ከመምጣታቸው በፊት በማለዳ ይነሣ፤ ከሶዬር እስከ ሉክ ባለው ረጅም መንገድ ላይ መንደር የሚባል ነገር የለም ማለት ስለሚቻል፣ ሁለቱንም የውኃ ኮዳ ሶዬር ላይ ይሙላ።