አርሴማ፦ ስለ አንድ ስም መብዛትና አጠራር

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ በመካከል የሚያገኛት ጥሊሊ፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ፣ አዊኛና አማርኛ በአንድ ቤት ውስጥ ሲነገሩ የሚሰሙባት ደጋ ናትና፣ በዚያ ለተወለደች ሕፃን የሚወጣ ስም በሁለት ቋንቋ አንደበት መመላለስ ግድ ይሆንበታል።

በአያቶቻችን ዘመን በዚህ አገር የሴት ልጅ ስም ጥሩወርቅ፣ የሺመቤት፣ ይታይሽ፣ ባንቺአምላክ ነበረ እንጂ አርሴማ ተብላ የምትጠራ ብርቅ ነበረች፤ ዛሬ ግን ስሙ በጎጃምም በሸዋም፣ ባሕር ማዶ በተሰደዱት ወገኖቻችንም ዘንድ የሚሰማ ሆኗል። ቅድስቲቱ በስንክሳር መስከረም 29 ቀን ስትታሰብ የኖረች ናትና አዲስ መጣች አይባልም። የተለወጠው፣ በእኔ አስተያየት፣ በክርስትና ስምና በዓለም ስም መካከል የነበረው ድንበር ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ የሚያወጣላት ስም ብዙውን ጊዜ «ወለተ» የሚለውን አስቀድሞ የቅዱሱን ስም የሚያስከትል ነበረ፤ እቴጌ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል የተባሉት በዚሁ ሥርዓት ነው። ያም ስም ለቊርባን፣ ለንስሐ አባትና ለፍትሐት ተጠብቆ ሲኖር፣ ልጅቱ በቤትና በገበያ የምትጠራው እናትና አባት ባወጡላት ሌላ ስም ነበረ። የዛሬ ወላጆች ከመቅደስ የሚገኘውን ስም «ወለተ»ን ትተው ለቤት መጥሪያ አደረጉት፤ በወሎ ወደምትገኘው ስባ አርሴማ የሚጎርፈው ምእመን፣ የስለት ልጅ ያገኘችም እናት፣ ለስሙ መብዛት የበኩላቸውን ጨምረዋል።

ስሙን የሚያወጣ ሁሉ ገድሏን ያውቃል ለማለት ግን አልደፍርም። አርሴማ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ከሮም ሸሽታ ከደናግል ባልንጀሮቿ ጋር ወደ አርማንያ የገባች፣ የአገሩ ንጉሥ ድርጣድስ ሊያገባት ቢፈልግ እምቢ ብላ በሰማዕትነት ያረፈች ድንግል ናት። ንጉሡም ቆይቶ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ትምህርት አምኖ፣ አርማንያ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገች፤ በስሟ በ618 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የታነጸው ቤተ ክርስቲያንም በኤችሚያዚን ከተማ እስከ ዛሬ ቆሟል።

አርመኖች ራሳቸው ስሟን «ህሪፕሲሜ» ይሉታል፤ «ፕ» የሌለው ዐረብኛ በ«ብ» ተክቶ «አርብሲማ» አለው፤ ስንክሳራችንም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ «ብ» ተገድፎ፣ ለአፍ የቀለለው አርሴማ ቀረልን። በንባብ ቤት ያለፈ ሰው፣ መድረሻው ራብዕ የሆነ ስም ነውና፣ ሳያነሣ በወዳቂ ያነበዋል፤ «ሴ» ኃምስ ነው፣ «ማ»ም አይጠብቅም። ለአዊኛ ተናጋሪም ስሙ የተመቸ ነው፦ አዊኛ በተፈጥሮው እንደ ጠ፣ እንደ ጰ፣ እንደ ጸ ያሉ የተረገጡ ድምፆች የሉትምና ጥሩወርቅን ሲጠራ «ጥ»ን ከአማርኛ መዋስ ይገደዳል፤ በአርሴማ ግን ከራሱ የሌለ ድምፅ አንድም አያገኝም።

ችግሩ የሚነሣው ከጽሕፈት ቤት ነው። አንዱ ጸሐፊ አርሴማ፣ ሌላው አርሲማ፣ ሦስተኛው አርሴይማ ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲዛወር ደግሞ «ሴ»ን የሚገልጽ አንድ የተቈረጠ አጻጻፍ ስለሌለ፣ ልጅቱ በክትባት ካርዷ አንድ፣ በትምህርት ማስረጃዋ ሌላ፣ በፓስፖርቷ ሦስተኛ ሆና ትገኛለች። በውጭ አገር ያለ መምህርም የላቲኑን ፊደል በራሱ ቋንቋ ልማድ ስለሚያነበው አንዳንዴ «አርሲማ» ይላታል፤ ለዚህ መምህሩን መውቀስ አይገባም።

የልደት ምዝገባ በአገራችን በሕግ ተደንግጎ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እየተሠራበት ነውና፣ አርሴማ የምትሏት ልጅ ያለቻችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የመዝጋቢውን ብዕር ጠብቃችሁ «ሴ» በኃምስ መጻፉን አረጋግጡ፤ የላቲኑንም አጻጻፍ ያን ዕለት ወስናችሁ ከዚያ ወዲህ አትለውጡት።