ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ የቴሌ አክሲዮን ያዋጣል?

ወልቂጤ ላይ የኔትወርክ መስመር ስዘረጋ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ፤ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ግድም ነው። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

ብዙ ሰው የሚያየው የደንበኛ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ታወሩንና ፋይበሩን እዩ እላለሁ። ሳፋሪኮም የራሱን ታወር ቢተክልም ከኢትዮ ቴሌኮምም ይከራያል፤ ተፎካካሪው ኪራይ ከፋይም ነው ማለት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ መሣሪያው የሚገዛው በዶላር፣ ገቢው በብር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በጣም ከብዷል።

ደግሞም አክሲዮንን ከዕቁብ ጋር አነጻጽሩ፦ ዕቁብ ዙሩ ሲደርስ ብሩ እጅ ይገባል፤ አክሲዮን ግን ገዢ ካልተገኘ አይሸጥም። የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ለሚጠብቀው ወላጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።